ከናጎያ የመጣ አምሮት

ረሂማ በአርባ አንድ ዓመቷ አረገዘች። ይህን የሚያውቁት ባሏ ሀምዳን፣ ጳውሎስ ሆስፒታል የምትከታተላት ሐኪምና ከግድግዳ ወዲያ የሚኖሩት ጎረቤታቸው እትዬ ወለተማርያም ብቻ ነበሩ። እትዬ ወለተማርያምም ቢሆኑ ማንም ነግሯቸው አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት ረሂማ ጓሮ ወጥታ ስታስመልስ በአጥሩ ክፍተት አይተዋት፣ አንድም ነገር ሳይጠይቁ የተቆረጠ ሎሚ በሳህን አቀበሏት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ በሁለቱ ቤቶች መሀል ሳይነገር የታወቀ ምስጢር ሆነ።

ምስጢር የሆነበት ምክንያት ነበረው። ረሂማ ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ አርግዛ ሦስቱም ሳይጸኑ ቀርተዋል። የመጀመሪያውን ጊዜ ደስታዋን መያዝ አቅቷት ሀላባ ላሉት እናቷ በሁለተኛው ወር ደውላ ነገረቻቸው፤ በአራተኛው ወር ያንኑ ስልክ አንስታ ሌላውን ወሬ መንገር ግድ ሆነባት። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለማንም ሳትናገር ቀረች። አሁን ደግሞ ሰባተኛው ወር እስኪገባ ድረስ ለእናቷም ሆነ ለእሱ ዘመዶች ትንፍሽ እንዳይል ሀምዳንን አስማለችው። እሱም ወላሂ ብሎ ማለላት።

ሀምዳን የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ከወሎ የመጡት አባቱ ከሩፋኤል ወረድ ብሎ የከፈቷትን ሱቅ ወርሶ፣ ከጃፓን ያገለገለ ሞተር፣ ካምቢዮና ራዲያተር እያስመጣ ይሸጣል። ብዙ አያወራም። ማንኛውም የተበላሸ ነገር ትክክለኛው ዕቃ ከተገኘለት ይሠራል ብሎ የሚያምን ሰው ነው፤ ሚስቱ በታመመችባቸው በእነዚያ ዓመታት ያስጨነቀውም ይኸው እምነቱ ነበር፤ ምን ዕቃ ፈልጎ እንደሚያመጣላት አያውቅም።

አምስተኛው ወር ሊገባ ሲል ሐኪሟ የማህፀኗ በር ደካማ መሆኑን ነግራት ሰፋችላት፤ እስክትወልድም ከአልጋ እንዳትነሳ አዘዘቻት። ረሂማ የልብስ ስፌት ቤቷን ለሠራተኛዋ ትታ ተኛች። መተኛቱን ቻለችው፤ ያቃታት መብላቱ ነበር። የሽንኩርት ሽታ ያጥወለውላታል፣ ሥጋ በአጠገቧ አይለፍ ትላለች፣ ወተት አፏ ላይ ሳይደርስ ይመለሳል። ሀምዳን ሐልዋ አመጣ፣ ጨጨብሳ አሠራ፣ የአቮካዶ ጁስ በሦስት ዓይነት አስፈጨ። በየጠዋቱ ወደ ሱቅ ከመውጣቱ በፊት አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና ምን ላምጣልሽ ይላታል፤ እሷም ምንም ትለዋለች።

በታኅሣሥ መጀመሪያ አንድ ጠዋት ግን መልሷ ሌላ ነበር። ጣሪያውን እያየች፣

«ያ ሽማግሌ የሸጡልንን ድንች ብበላ» አለች።

«የቱ ሽማግሌ?»

«ናጎያ።»

ሀምዳን መጀመሪያ የቀለደች መስሎት ፈገግ አለ። ፊቷን ሲያየው ቀልድ አልነበረም። የጫማውን ማሰሪያ ማሰር ትቶ ወደ እሷ ዞረ።

ነገሩ የዛሬ አራት ዓመት ነው። ሦስተኛው ጽንስ ከወረደ በኋላ ረሂማ ሰው ሸሸች፤ በገዛ ቤቷ እንግዳ መሰለች። በዚያው ሰሞን ሀምዳን ጃፓን፣ ናጎያ ከተማ ሆነው ዕቃ የሚልኩለት ሚስተር ሞሪ የሚባሉ ነጋዴ ዘንድ ሄዶ ዕቃ መምረጥ ነበረበት። ብቻውን ሊሄድ ያሰበውን መንገድ ሁለት ትኬት ቆርጦ ይዟት ሄደ። እሱ ጠዋት ጠዋት የዕቃውን ግቢ ሲዞር እሷ ሆቴል ተቀምጣ ስልኳ ላይ የጃፓን የመንገድ ምግብ ታያለች። በሦስተኛው ቀን ሲመለስ፣ እነሱ ራሳቸው መንገድ ላይ ቆመው የሚበሉትን መብላት እፈልጋለሁ አለችው። ለወራት ምንም እፈልጋለሁ ብላ የማታውቅ ሴት ናት። ሀምዳን ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ይዟት ወጣ።

እንዳሰቡት አልቀለለም። ሄደው የገቡበት የገበያ መንገድ ከላይ ጣሪያ ያለው፣ ግራና ቀኙ መጥበሻ ብቻ የሆነ ነበር። ክብ ክብ እየተደረገ የሚጠበስ፣ ውስጡ ኦክቶፐስ ያለበት ነገር ሽታው ይጣራል፤ ግን ሊጡ በምን እንደተለወሰ፣ ስጎው ውስጥ አልኮል ይኑር አይኑር አያውቁም። ሀምዳን ስልኩ ላይ ወደ ጃፓንኛ ያስተረጎመውን ጥያቄ ያሳያል። ሻጩ ጎንበስ ብሎ በጥሞና ያነብና ሁለት ክንዱን ደረቱ ላይ ያነባብራል፤ አይሆናችሁም ማለት ነው። በስንጥር የተሰካው ሥጋም አልሆነም፣ ኑድሉም አልሆነም። በመጨረሻ የዓሣ ቅርጽ ያለው ኬክ አገኙ። ረሂማ ገመጠችው፤ ውስጡ በስኳር የተቀቀለ ቦሎቄ ሆኖ ስታገኘው ትክ ብላ አየችውና ሰው እንዳይቀየም ብላ እንደምንም ዋጠችው። ሰልፉ ላይ የቆሙት ሁሉ እንደነሱ ካሜራ ያንጠለጠሉ እንግዶች ነበሩ። «የአገሩ ሰው የታለ?» አለችው ሲመለሱ። በማግሥቱም ሌላ ሰፈር ሞከሩ፤ ያው ነበር።

ወደ አገር ሊመለሱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ከሰዓት በኋላ ከሆቴላቸው ጀርባ ባለው ጸጥ ያለ ሰፈር በእግር ወጡ። ከሩቅ አንድ የሽማግሌ ድምፅ በድምፅ ማጉያ እየተጎተተ ሲጣራ ሰሙ። ረሂማ ቆም አለችና፣ «ቆራሌው እዚህም አለ እንዴ?» አለች። ሀምዳን በሳቅ ፈረሰ፤ እሷም ከእሱ ጋር ሳቀች። ከዚያ በፊት አብረው የሳቁበትን ቀን ሊያስታውስ ሞክሮ አልቻለም።

ቆራሌው አልነበረም። ጀርባዋ ላይ በእንጨት የሚነድ ምድጃ የጫነች ትንሽ የጭነት መኪና እየተንፏቀቀች መጣች። የየቤቱ በር ተከፈተ። የቤት ጫማ ያደረጉ እናት ወጡ፣ ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ ወጣች፣ ውሻ የያዘ ሰውዬ መጣ። ቱሪስት አንድም የለም። ሽማግሌው ወርደው የምድጃውን ክዳን ሲከፍቱት ውስጡ የጋለ ጠጠር ነው፤ ጠጠሩ ውስጥ የተቀበረው ደግሞ ስኳር ድንች።

ረሂማ ከልጣጩ አወቀችው። ስለ አልኮል፣ ስለ ስብ መጠየቅ አላስፈለገም። ድንች ነው፤ በቃ። ሽማግሌው በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ለሁለት ሰብረው በሁለት እጃቸው ሰጧት። ውስጡ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆኖ፣ በዳር በዳሩ ማር የመሰለ ወለላ አውጥቷል። አንድ ዝቅ ያለ ግንብ ላይ ተቀመጡና በሉ። ረሂማ ልጣጩን ሳታስቀር በላች፤ እየበላችም እንባዋ ወረደ። ሀምዳን ወደ እሷ ጠጋ አለ።

የዚያን ቀን ነው የነገረችው። ሀላባ ገጠር ልጅ ሳለች፣ እህል የሚጎድልባቸው ወራት ሲመጡ እናቷ ስኳር ድንች ረመጥ ውስጥ ይቀብሩላቸው ነበር። ቁሊቶ ከተማ ለትምህርት ስትገባ፣ የከተማ ልጆች ምሳዋን አይተው የፌዝ ስም አወጡላት፤ ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ተደብቃ መብላት ጀመረች። አዲስ አበባ መጥታ ካገባች በኋላ አንድም ቀን ቤቷ አስገብታው አታውቅም። «እናቴ የሠራችልኝን ደብቄ ነበር የምበላው» አለችው፤ «እዚህ ሰው ከቤቱ እየሮጠ ወጥቶ ይገዛዋል።»

እንግዲህ ያማራት ያ ድንች ነው።

ሀምዳን ሥራውን እንደሚሠራው ፍለጋውን ጀመረ። መጀመሪያ ቦሌ አካባቢ የጃፓን ምግብ ይሠራል ወደተባለ ምግብ ቤት ሄደ። አስተናጋጁ ሩዝና ጥሬ ዓሣ ያለበት ዝርዝር ዘረጋለት። ሀምዳን መንገድ ላይ የሚሸጠውን፣ በጠጠር የሚጠበሰውን ሲለው ወጣቱ ምግብ አብሳይ ራሱ ከጓዳ ወጥቶ አነጋገረው፤ እንደዚያ ያለ ነገር እንደሌላቸው ነግሮት፣ ስኳር ድንች ከፈለገ ግን በዘይት ጠብሶ እንደሚሰጠው ቃል ገባለት። ሀምዳን ይዞት መጣ። ረሂማ አንዱን አነሳች፣ ጫፉን ቀመሰች፣ አመሰግናለሁ ብላ አስቀመጠችው።

ቀጥሎ ሸጎሌ ገበያ ሄዶ ጥሬውን ገዛ። ቀቀለው፤ ረሂማ ውሃ ውሃ አለኝ አለች። ከሰል ላይ ጠበሰው፤ ላዩ ከሰል ሆኖ ውስጡ ጥሬ ቀረ። የሰፈሩን ዳቦ ጋጋሪ ለምኖ ምድጃ ውስጥ አስከተተው፤ የዚህኛው መልኩ ጥሩ ነበር። ረሂማ እያየችው ሦስት ጊዜ ጎረሰች። ሳህኑን ሊወስድ ሲመለስ ግን ግማሹን በናፕኪን ጠቅልላ ትራሷ ሥር እንደደበቀችው አየ። እሱን ላለማሳዘን ነው። ምንም እንዳላየ ሆኖ ሳህኑን ይዞ ወጣ።

ያልተበላው ድንች ሁሉ በአጥሩ በኩል ወደ እትዬ ወለተማርያም ይሻገር ነበር። የነቢያት ጾም ስለነበር ደስ ብሏቸው ይቀበሉታል። እየበሉም፣ የእርጉዝ አምሮት እንደ ዋዛ እንደማይታለፍ፣ እሳቸው ራሳቸው የመጨረሻ ልጃቸውን ሲያረግዙ አምሯቸው የነበረው የአዲስ ቆርቆሮ ሽታ እንደነበር ያጫውቱታል። «ለምን ያንን ጃፓኑን ሰውዬ አትጠይቀውም?» አሉት አንድ ቀን። «ሞተር የሚልክ ሰው ድንች ምን ይከብደዋል?»

ሀምዳን አፈረ። ከሚስተር ሞሪ ጋር ዐሥራ አንድ ዓመት ሲጻጻፍ ከሞተር ቁጥርና ከካምቢዮ ዓይነት ሌላ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። ቢሆንም ጻፈላቸው፤ ሚስቱ ማርገዟን፣ አልበላ ማለቷን፣ ከአራት ዓመት በፊት ከሆቴሉ ጀርባ የበሉትን ነገር ሁሉ ተናዘዘ። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ሚስተር ሞሪ እንደ ልማዳቸው የተከበሩ ሚስተር ሀምዳን ብለው ጀምረው፣ እሁድ ዕለት ከባለቤታቸው ጋር ያንን ሰፈር እንደዞሩ፣ ሽማግሌውን እንዳላገኟቸው፣ ነገር ግን ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሌላ ድንች ሻጭ ሴትዮ አግኝተው እርጉዝ ሴት አምሯት ነው ሲሏቸው ሴትዮዋ ሥራቸውን አቁመው እንዳስረዷቸው ጻፉ። ጠጠሩ ከወንዝ የመጣ ድቡልቡል ይሁን። እሳቱ ዝቅ ይበል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ይቆይ፤ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ይግባበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ድንቹ ከመሬት የወጣ ትኩስ አይሁን። ቢያንስ አንድ ወር ደረቅ ቦታ የተቀመጠ ይሁን፤ ትኩስ ድንች ጣፋጭነቱን ገና አላወጣም። ከታች ባለቤታቸው በእንግሊዝኛ አይዟችሁ የሚል ቃል ጨምረውበታል።

ምድጃው አላስቸገረም። ከሱቁ አጠገብ የሚሠራው ብየዳ ሠራተኛ ኢስሐቅ ድስት የመሰለ የአሮጌ አይሱዙ የፍሬን ታምቡር ላይ እግር በይዶ ክዳን ሠራለት። ጠጠሩን ሀምዳን ራሱ ከቁስቋም ከሚወርደው ወንዝ ለቅሞ፣ ሦስት ጊዜ አጥቦ ፀሐይ ላይ አሰጣው። የቸገረው ድንቹ ነው። ሸጎሌ ያሉት ሻጮች የትናንት ወይም የዛሬ ሳምንት ነው ይላሉ። አንዷ ሴትዮ እንዲያውም፣ የቆየ የሚፈልግ ደንበኛ ዕድሜዬን አይቼ አላውቅም ብላ ሳቀችበት።

ያስቀመጠ ሰው ማን እንደሆነ ሀምዳን ያውቅ ነበር። ረሂማ ናጎያ ግንቡ ላይ ተቀምጣ ነግራዋለች፤ እናቷ ወይዘሮ ኡመይማ ጎጇቸው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው፣ አመድና ደረቅ ሣር አልብሰው ለክፉ ቀን ያቆዩት ነበር። ግን ምሏል። ሁለት ቀን ስልኩን እያነሳ አስቀመጠው።

በሦስተኛው ቀን የሐኪም ቀጠሮ ነበር። ሚዛኑ ላይ ረሂማ ሁለት ኪሎ ቀንሳ ተገኘች። ሐኪሟ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ካልጨመረች ሆስፒታል ተኝታ በግሉኮስ እንደምትረዳ በለሆሳስ ነገረቻቸው። ሀምዳን መድኃኒት ልግዛ ብሎ ወጣና አንድ ፋርማሲ ደጃፍ፣ ተማሪውና አስታማሚው በሚተራመስበት መሀል ቆሞ ሀላባ ደወለ።

ሰላምታው እስኪያልቅ ጠብቆ፣ ያስቀመጡት ስኳር ድንች እንዳለ ጠየቃቸው።

«ለማን ነው?» አሉት።

«ለቤት ነው፣ እማዬ።»

«አንተ አትበላውም። እሷም ከዚህ ከሄደች ጀምሮ በልታው አታውቅም።» ከበስተጀርባቸው ዶሮ ሲጮህ ይሰማዋል። «ስንት ወሯ ነው?»

መዋሸት አልሆነለትም። «አምስት አልፏል» አለ።

«ነገ እመጣለሁ» ብለው ዘጉት።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያደረገውን ነገራት። ረሂማ አልጮኸችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

«ምለህ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«ምዬ ነበር።»

«ይሄም ቢወርድ ማን ይነግራቸዋል? ያንን ስልክ እንደገና ማን ያነሳል?»

ሀምዳን ብዙ አሰበ። ይጸናል፣ አይዞሽ ማለት ይችል ነበር፤ ሦስት ጊዜ ብሎታል። «እኔ እነግራቸዋለሁ» አላት። «አንቺ ስልክ አትነኪም። እኔ ሀላባ ድረስ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

ረሂማ ፊቷን ከግድግዳው አላዞረችም። ግን እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ጉልበቱ ላይ አሳረፈችው።

ወይዘሮ ኡመይማ በማግሥቱ ቀትር ላይ መጡ። ሀምዳን ከመናኸሪያ ሲቀበላቸው አንድ ጆንያ ታቅፈዋል፤ ለረዳቱም አልሰጡ፣ ለእሱም እንቢ አሉ፣ መኪናው ውስጥ እንኳ ጭናቸው ላይ አድርገው የጠጠሩን ነገር ከእሱ እየሰሙ ሄዱ። ቤት ሲደርሱ በቀጥታ ወደ መኝታ ክፍሉ ገቡ። ረሂማ እናቷን በሩ ላይ ስታይ ብርድ ልብሱን ወደ ሆዷ ሳበች። ወይዘሮ ኡመይማ ሆዷን አላዩም። አልጋው ግርጌ ተቀመጡና በብርድ ልብሱ ላይ እግሯን ያዙ። ስለ መንገዱ ተናገሩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ልጅ ስለወለደች አንዲት ጎረቤት ሊናገሩ ጀምረው ተዉት። ረሂማም አንገቷን እየነቀነቀች ሰማች። ከዚያ ተነሡና፣ «ጠጠር ያልከው የታል?» ብለው ሀምዳንን ወደ ጓሮ አወጡት።

ሀምዳን ታምቡሩን ከሰል ላይ አስቀምጦ፣ ጠጠሩን ሞላ፣ ድንቹን ቀበረ፣ ክዳኑን ዘጋና ማራገብ ጀመረ። ወይዘሮ ኡመይማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ትንሽ አዩት።

«ቸኩለሃል» አሉ። ተነሥተው ማራገቢያውን ከእጁ ወሰዱበት፤ ግማሹን ከሰል በመቆስቆሻ አወጡ፤ የቀረውን አመድ አለበሱት። «ድንቹ ሳይሰማው መሞቅ አለበት።»

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነበር። እትዬ ወለተማርያም በአጥሩ በኩል እንኳን ደህና መጡ ብለው፣ ነገሩ የእናትና የልጅ መሆኑ ገብቷቸው ወዲያው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከአንድ ሰዓት በላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሀምዳንና አማቱ በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ ብቻቸውን ሆነው አያውቁም።

«ከመጀመሪያው ሌላ ነበረ?» አሉት ድንገት፣ ዓይናቸውን ከአመዱ ሳያነሡ።

ሀምዳን ወደ መኝታ ቤቱ መስኮት አየ። መስኮቱ ዝግ ነው። «ሁለት፣ እማዬ» አለ። «ይሄ አራተኛው ነው።»

ወይዘሮ ኡመይማ የነጠላቸውን ጫፍ ጠቀለሉ፣ ፈቱ፣ እንደገና ጠቀለሉ። «ሁለቱን ብቻዋን አለቀሰቻቸው» አሉ።

«እኔ ነበርኩ።»

«አንተማ ነበርክ። እኔ አልነበርኩም።» ቁጣ አልነበረበትም፤ እንደሚያጣራ ሰው ነው የተናገሩት። ትንሽ ቆይተውም፣ እሳቸው ራሳቸው ከረሂማ በፊት አንድ እንዳለፋቸው፣ ይህንንም ለልጆቻቸው ነግረው እንደማያውቁ አጫወቱት። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቀማል፣ ይታለፋል። «ነግሬያት ቢሆን ኖሮ» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም።

ከሰዓት በኋላ የሚሰገደው የዐስር ሶላት ካለፈ በኋላ ክዳኑ ተከፈተ። ሀምዳን አንዱን ድንች በጨርቅ ይዞ ጫን ሲያደርገው ጣቱ ሰምጦ ገባ። ከልጣጩ ስንጥቅ ቡናማ ወለላ ወጥቶ ጠጠሩ ላይ ደርቋል። ጋዜጣ ፈልጎ አጣ፤ በደረሰኝ ወረቀት ጠቀለለውና ይዞ ገባ። አማቱ ከኋላው መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

ረሂማ ትራሷን ተደግፋ ቀና አለች። ለሁለት ስትሰብረው እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው። የመጀመሪያውን ጉርሻ አፏ ውስጥ ብዙ አቆየችው። ዋጠች። ሌላ ጎረሰች። ግማሹ አለቀ። ልጣጩንም በላችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችው።

«የሽማግሌው አይደለም» አለች።

ሀምዳን ራሱን ነቀነቀ። ጠጠሩን አሰበ፣ ታምቡሩን፣ የከሰሉን ልክ፤ ሚስተር ሞሪን ሌላ ምን እንደሚጠይቃቸው ማሰብ ሲጀምር እሷ እሱን ማየት ትታ በሩን ታያለች።

«የእሳቸው ነው» አለች። «እማዬ፣ ያንቺ ነው።»

ወይዘሮ ኡመይማ ገብተው አጠገቧ ተቀመጡ። ረሂማ የቀረውን ግማሽ እየበላች፣ በመሀል በመሀል እያረፈች፣ በሀላብኛ መናገር ጀመረች። ሀምዳን ቋንቋውን አይሰማም። ድምፅዋ ግን እሱ ሰምቶት የማያውቀው ነበር፤ ፈጠን ያለ፣ ቀጠን ያለ፣ የልጅ። ሁለት ጊዜ ጣቷን አውጥታ ስትቆጥር አየ፤ አንድ፣ ሁለት። እናቷ እጇን ይዘው ጣቶቿን መልሰው አጠፉላት። ሀምዳን ሌላ ድንች ላምጣ ብሎ ወጣ፤ ማንም አልጠየቀውም። ጓሮ ጠጠሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ ፊቱን በክንዱ እየጠረገ፣ ጥቂት ቆየ።

ያን ቀን ረሂማ ሁለት ተኩል ድንች በላች፤ ምንም አላስመለሳትም። በሚቀጥለው ሳምንት ሚዛኑ ላይ ግማሽ ኪሎ ጨመረች። በሚቀጥለው ደግሞ ወተት ጀመረች፤ ቀስ በቀስም የሰው ምግብ። ጆንያው ሊያልቅ ሲል ወንድሟ ሌላ ላከ። ወይዘሮ ኡመይማ አልሄዱም። ሌሊት ሌሊት ልጃቸው አጠገብ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተው ይተኛሉ፤ ሀምዳን ሳሎን ተዛወረ። ለሚስተር ሞሪ ሚስቱ መብላት እንደጀመረች ሲጽፍላቸው፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ በትክክል እንዲነግራቸው ጠየቁት።

ስድስተኛው ወር አለፈ፣ ሰባተኛውም ገባ። ሰባተኛው ሲገባ ረሂማ ራሷ ስልክ አንስታ ለሀምዳን እህቶች ነገረቻቸው።

ልጅቷ መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ ከቀኗ ሦስት ሳምንት ቀድማ ተወለደች። ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ ነበረች፤ ትንሽ፣ ቀይ፣ ጩኸቷ ግን ኮሪደሩን የሞላ። ሐኪሟ ሀምዳንን ስታስታቅፈው እጁን እንዴት አድርጎ እንደሚዘረጋ ጠፋበትና እንደ መስታወት ዕቃ ከሥር በሁለት መዳፉ ያዛት። አልሐምዱሊላህ አለ በለሆሳስ። በሰባተኛው ቀን ጀና አሏት።

ወይዘሮ ኡመይማ አርባ ቀኑ ሲሞላ ወደ አገራቸው ተነሡ። የሚዘሩበት ጊዜ ደርሶባቸዋል። ሀምዳን እስከ መናኸሪያ በመኪና ላድርስዎት ቢላቸው ረሂማ እስከ ታክሲው ድረስ በእግሬ ልሸኛቸው አለች። አልጋ ከያዘች ጀምሮ ወደ ታክሲ መያዣው የሚያስወርደውን ቁልቁለት በእግሯ ወርዳው አታውቅም። ልጇን በሻሽ ደረቷ ላይ አስራ፣ በግራ እጇ የእናቷን ክንድ ይዛ ወጣች። በየሱቁ ደጃፍ ሰው እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ ይላታል፤ እሷም እየቆመች ሻሹን ገለጥ አድርጋ ታሳያለች፤ እናቷም አብረው ይቆማሉ። ሀምዳን ሻንጣውን ይዞ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። ታክሲዎቹ እየጮሁ አለፏቸው፤ አንዳቸውንም አላስቆሙም፤ እስከ ታች ድረስ እንዲያ ቀስ እያሉ ወረዱ።